በ44 ዓመት የመጣ ዋንጫ፣ በአንድ ዓመት የመጣ ዋንጫ

ዋሽንግተን ካፒታልስ የሚባለው የአይስ ሆኪ ቡድን እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 2018፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 30 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ላስ ቬጋስ ላይ የቬጋስ ጎልደን ናይትስን 4 ለ 3 አሸንፎ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ሻምፒዮን የሚወስደውን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አነሳ። በዚያው የውድድር ዘመን አገር ቤት ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው ከከፍተኛ ሊግ ገና ያደገው የእግር ኳስ ክለብ ጅማ አባ ጅፋር የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። አንዱ ዋንጫ 44 ዓመት ተጠብቆ የመጣ ነው፤ ሌላው በአንድ ዓመት የተገኘ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ የማየው ስፖርቶቹ ስለሚመሳሰሉ አይደለም፤ ዋንጫ ማንሳትና ዋንጫ ያነሳን ቡድን ይዞ መቆየት ምን ያህል የተለያዩ ሥራዎች እንደሆኑ ስለሚያሳዩኝ ነው።

ካፒታልስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱ በሚቀጥለው ወር ሲሆን፣ አብዮቱን ተከትሎ አገር ቤት መመለስ ያልቻሉ ተማሪዎችና ዲፕሎማቶች፣ ከእነሱም በኋላ በሱዳን በኩል የመጡ ስደተኞች በዋሽንግተን መሰባሰብ የጀመሩት በእነዚያው ዓመታት ነበር። የእኛ ሰው ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዘጠነኛውና ዩ ስትሪት፣ ከዚያም ኪራዩ ሲወደድ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሲዘዋወር፣ ቡድኑም ከሜሪላንዱ ላንዶቨር ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ማብቂያ ላይ ወደ መሀል ከተማ፣ ዛሬ ካፒታል ዋን አሬና ወደሚባለው አዳራሽ ገባ። ዕድሜያችን አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ትውውቃችን ግን እምብዛም ነበር።

ቡድኑ ሲጀምር የነበረበትን ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው ዋንጫው ተአምር ይመስለዋል። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ካደረጋቸው 80 ጨዋታዎች ያሸነፈው 8 ብቻ ሲሆን፣ 67ቱን ተሸንፎ 5ቱን አቻ ወጣ። ከሜዳው ውጭ ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያንን አንድ ጨዋታ ባሸነፉበት ማታ ተጫዋቾቹ የመልበሻ ክፍሉን የቆሻሻ መጣያ በርሜል እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው መጨፈራቸው እስከ ዛሬ ይወራል። እንዲህ ያለ ቡድን በእኛ ሊግ ቢሆን በዓመቱ መጨረሻ ይወርዳል፤ በጀቱም አብሮት ይወርዳል። በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ግን ወራጅ ቀጣና የሚባል ነገር የለም። ከሥር የቀሩት ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾች በሚከፋፈሉበት ጊዜ ቅድሚያ የመምረጥ ዕድል ያገኛሉ። ካፒታልስ እ.ኤ.አ. በ2004 አሌክሳንደር ኦቬችኪን የተባለውን የሞስኮ ልጅ ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ በ2008ም የ13 ዓመት የ124 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረመው። ለአንድ ተጫዋች 13 ዓመት! አገር ቤት የተለመደው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ የገንዘቡ መጠን ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው አንድ ቦታ እንዲያረጅ መፍቀድም ነው።

ኦቬችኪን ከመጣ በኋላም ቢሆን ዋንጫው ቶሎ አልመጣም። ቡድኑ በመደበኛው ውድድር ሦስት ጊዜ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ሆኖ ሲያበቃ በጥሎ ማለፉ ይወድቅ ነበር። በተለይ ፒትስበርግ ፔንግዊንስ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ2016 እና በ2017 ካሰናበተው በኋላ በሦስቱም ዓመታት ራሱ ዋንጫውን ወስዷል። ስለዚህ የ2017–18 የውድድር ዘመን ሲጀመር የከተማው ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም፤ በርካታ ተጫዋቾች ለቀው ሄደዋል፣ ተከላካዩ ኔት ሽሚትም አዲስ ለተቋቋመው ለቬጋስ ቡድን ተሰጥቷል። ብዙ ሳይጠበቅበት የጀመረው ቡድን 82ቱን ጨዋታ በ49 ድልና በ105 ነጥብ ጨርሶ ምድቡን መራ፤ ኦቬችኪንም በ49 ግብ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። በእያንዳንዱ ወገን አምስት ተጫዋቾችና አንድ ግብ ጠባቂ በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ጨዋታው ሦስት የ20 ደቂቃ ክፍሎች አሉት፤ ጥፋት የሠራ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ደቂቃ ከሜዳው ዳር ባለ የቅጣት ክፍል ይቀመጣል። በጥሎ ማለፉ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር እስከ ሰባት ጊዜ ይገናኛሉ፤ አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። ዋንጫ ለማንሳት ይህንን አራት ዙር መደጋገም፣ ማለትም 16 ጊዜ ማሸነፍ ያስፈልጋል።

ካፒታልስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች በገዛ ሜዳው፣ በኮሎምበስ ብሉ ጃኬትስ፣ ሁለቱንም በጭማሪ ሰዓት ተሸነፈ። አሰልጣኙ ባሪ ትሮትዝ ተቀምጦ የነበረውን ግብ ጠባቂ ብራደን ሆልትቢን መለሱት። በሦስተኛው ጨዋታ፣ ሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት ውስጥ ተገብቶ፣ ዴንማርካዊው ላርስ ኤለር አገባ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን በተከታታይ አሸንፈው አለፉ። ቀጥሎ የመጣው ያው ፒትስበርግ ነበር። በስድስተኛው ጨዋታ ጭማሪ ሰዓት ላይ የቭጌኒ ኩዝኔትሶቭ ብቻውን አምልጦ ያገባት ግብ የዓመታቱን ቁጭት ዘጋችው። ታምፓ ቤይ ላይትኒንግ ደግሞ 3 ለ 2 መርቶ ሲያበቃ በመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ሆልትቢ ላይ አንዲት ግብ እንኳ ማስቆጠር ሳይችል ተሰናበተ።

የፍጻሜው ተጋጣሚ ቬጋስ በታሪኩ የመጀመሪያ ዓመት ላይ የነበረ ቡድን ነው። ባለቤቶቹ ወደ ሊጉ ለመግባት 500 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል። ከተማው ኦክቶበር 1 ቀን 2017 በደረሰው የጅምላ ተኩስ ሐዘን ላይ ሳለ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ በሜዳው የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ይህ ቡድን ሕዝቡን ያሰባሰበበት መንገድ በራሱ ብዙ የሚያስጽፍ ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ የሁለቱ የፍጻሜ ከተሞች ታክሲ ውስጥ የገባ ሰው አማርኛ የሚናገር ሾፌር የሚያገኝበት ዕድል ሰፊ ነው። ዋሽንግተንም ላስ ቬጋስም የእኛ ሰው በብዛት ጎማ የሚያሽከረክርባቸው ከተሞች ናቸው። በዋሽንግተን ደግሞ ከአዳራሹ ዙሪያ ባሉት የመኪና ማቆሚያዎች ከገንዘብ ተቀባይ አንሥቶ እስከ ባለንብረት ድረስ ያገራችን ልጅ አይጠፋም። ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት መሄዱን ቴሌቪዥን ሳያይ፣ መኪኖቹ ባለመውጣታቸው ብቻ የሚያውቅ ሰው ስንት እንደሆነ ማን ይቆጥራል። አዳራሹ ውስጥ ግን ከመቀመጫው ዋጋም ከልማድም የተነሣ እኛ ጥቂቶች ነን፤ የእኛ ሰው በቅዳሜ ማለዳ አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድን ነው የሚያየው።

በዚህ ጉዳይ የሚነሣ አንድ ተጫዋች አለ። ዴቫንቴ ስሚዝ-ፔሊ ጥቁር ካናዳዊ ነው። በፌብሩዋሪ 2018 ቺካጎ ላይ በቅጣት ክፍሉ ተቀምጦ ሳለ አጠገቡ የነበሩ ተመልካቾች «ቅርጫት ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ» እያሉ ጮኹበት፤ በረዶ ላይ ምን ትሠራለህ ማለታቸው ነው። አራት ሰዎች ከአዳራሹ ተባረሩ። ይኸው ሰው በመደበኛው የውድድር ዘመን በሙሉ 7 ግብ ሲያገባ፣ በጥሎ ማለፉ ብቻ ሌላ 7 አገባ፤ በመጨረሻው ማታ ላስ ቬጋስ ላይ 3 ለ 3 ያደረገችው ግብ የእሱ ነበረች፤ ኤለር ያሸነፈባት ግብ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

በእነዚያው ሳምንታት ሌላም የሚታዘብ ነገር ነበር። ከታምፓ ቤይ ጋር በነበረው አራተኛ ጨዋታ ማታ የከተማው ባቡር አንድ ሰዓት ተጨማሪ እንዲሠራ 100,000 ዶላር ያስፈልግ ነበር፤ የከፈለችው የቃጠር መንግሥት ናት። የዓለም ኃያል አገር መናገሻ ከተማ ተመልካቾቿን ወደ ቤት ለመመለስ የባሕረ ሰላጤው አገር ኪስ ውስጥ ገባች። ሌሊት ሠርተው የሚመለሱ ጽዳት ሠራተኞችና የሆቴል ሠራተኞች ባቡሩ በጊዜ በመዘጋቱ ምክንያት የሚከፍሉት የታክሲ ዋጋ ግን እንዲህ ያለ ቸር አላገኘም። አገር ቤት ያለው ሁሉ የተዝረከረከ፣ እዚህ ያለው ሁሉ የተስተካከለ የሚመስላቸው ወገኖቼ ይህንን ቢያስቡት ደስ ይለኛል።

ወደ ጅማ ልመለስ። አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ፣ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነውን ናይጄሪያዊውን ኦኪኪ አፎላቢን ይዞ፣ እነ ቅዱስ ጊዮርጊስን ጥሎ ሻምፒዮን ሲሆን ያስገኘው ደስታ ከዋሽንግተኑ ያነሰ አልነበረም፤ እንዲያውም ከአዲስ አበባ ርቆ ላለ ከተማ ትርጉሙ ይበልጥ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አሰልጣኙ ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄደው እዚያም ዋንጫ አነሡ፤ ያ ክለብ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ከውድድር አወጣው። ጅማ አባ ጅፋር በበኩሉ ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ።

የካፒታልስ አሰልጣኝም ዋንጫውን ካነሡ ከ11 ቀን በኋላ በውል ጉዳይ ባለመስማማት ሥራቸውን ለቀው ወደ ኒው ዮርክ አይላንደርስ መሄዳቸውን ልብ ይሏል። ስሚዝ-ፔሊም በሚቀጥለው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ወደ ታችኛው ሊግ ተላከ። እዚህም ሰው ይጣላል፤ ትዕግሥቱ ለኮከቡ እንጂ ለሁሉም አይደለም። ነገር ግን አሰልጣኝ ሄደ፣ ተጫዋች ሄደ ተብሎ ክለቡ አልፈረሰም። የሁሉም ስም ከእነ አሰልጣኙ በዋንጫው ላይ ተቀርጿል፤ ያንን ማንም የበጀት ስብሰባ አይፍቀውም። ኦቬችኪንም በዚያው ክለብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 895ኛ ግቡን በማስቆጠር የዌይን ግሬትዝኪን የሊጉ የምንጊዜም የግብ ክብረ ወሰን ሰብሯል።

ልዩነቱን ያመጣው የፈረንጅ ጠባይ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልቀበለውም፤ የሒሳብ አሠራር ነው። በ2017–18 እያንዳንዱ የሆኪ ቡድን ለተጫዋቾች ደመወዝ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማውጣት አይችልም ነበር፤ ዝቅተኛ ወለልም አለው፤ ጣራውም የሚሰላው ከሊጉ ገቢ ላይ ተነሥቶ ነው። የእኛዎቹም ክለቦች በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣራ አስቀምጠው ነበር። ነገር ግን በአንድ ሰው ላይ የተጣለ ጣራ ክለቡ ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል አይጠይቅም። አብዛኞቹ ክለቦች ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም በጀት የሚተዳደሩ ናቸው፤ ከቲኬትና ከማሊያ ሽያጭ የሚያገኙት ኢምንት ነው። ከንቲባ ሲቀየር ወይም ካዝናው ሲጎድል ቡድኑ ደመወዝ ያጣል። ገንዘብ ያለው ተቋም ደግሞ ያለ ደጋፊ ጭምር ማሸነፍ ይችላል፤ በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወደ ሊጉ የተመለሰው ገና በዚያው ዓመት ነበር።

የተዘጋው የአሜሪካ ሊግ ግን ለእኛ ይሁን ብዬ አልመክርም። እዚያ ጅማ አባ ጅፋር የሚባል ታሪክ ሊኖር አይችልም፤ ታች ያለ ቡድን በጉልበቱ ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል የለም፤ በሩ የሚከፈተው በ500 ሚሊዮን ዶላር ነው። ክለብን ከከተማው ጋር የሚያስተሳስረው ገመድም ስናየው የሚመስለውን ያህል ጠንካራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የያኔው ባለቤት ቡድኑን ከዋሽንግተን አነሣለሁ ብለው ደጋፊው የዓመት ቲኬት እየገዛ አስቀርቶታል። የአሁኑ ባለቤት ቴድ ሊዮንሲስም በዲሴምበር 2023 ቡድኑን ወንዝ አሻግረው ወደ አሌክሳንድሪያ ሊወስዱት መሆኑን ካስታወቁ በኋላ፣ በማርች 2024 የከተማው አስተዳደር ለአዳራሹ እድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጥ ተስማምቶ ነው የቀሩት። ይህ ገንዘብ የግብር ከፋዩ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ የማያውቀው የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛና የታክሲ ሾፌርም በከተማው ግብር እስከከፈሉ ድረስ ድርሻ አላቸው።

አገር ቤት ደግሞ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ብሔራዊ ቡድናችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚቀበለው ስታዲየም በማጣቱ የሜዳ ጨዋታዎቹን በማላዊ፣ በሞዛምቢክና በሞሮኮ ሲያደርግ ቆይቷል። የዋሽንግተን ከንቲባ ቡድናቸው ስድስት ማይል እንዳይርቅባቸው ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ሲያወጡ፣ የእኛ ቡድን «ባለሜዳ» ተብሎ ሌላ አገር ባዶ ወንበር ፊት ይጫወት ነበር። የሁለቱን አገር ሀብት ማወዳደር አላስብም፤ ገንዘቡ ሲወጣ የሚወጣለትን ነገር መጠየቅ ግን ለሁለቱም ከተማ ነዋሪ ይገባል። ዋሽንግተን ያለው የእኛ ሰው የሚወዳት ከተማ ምክር ቤት በጀት ሲወያይ ገብቶ የመናገር መብት አለው፤ ጅማ ያለው ደጋፊም የከተማው አስተዳደር ለክለቡ ስንት እንደመደበና ለስንት ዓመት እንደሚቀጥል በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ የሚችለው ቡድኑ ዋንጫ ባነሣበት ሳምንት፣ ባለሥልጣናቱ ፎቶ ለመነሣት አጠገቡ በቆሙበት ጊዜ ነበር።