ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ወገኖቼ፣ እናንተ ኮፒ ቤት፣ ፋርማሲ፣ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከፍታችሁ በአንድ ኮምፒውተር የምትተዳደሩ፣ ዛሬ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። ራሴንም አልምርም።

የመኪናችሁን ዘይት በጊዜው ትቀይራላችሁ። ለፍሪጃችሁ ስታቢላይዘር ትገዛላችሁ። ኮምፒውተሩን ግን ዳንቴል አልብሳችሁ ዐሥር ዓመት ሙሉ ክዳኑን አትከፍቱትም። ስታክ ሲያደርግ "እየሠራ ነው እኮ" ትላላችሁ። የሞተ ቀን ባለሙያውን በእኩለ ሌሊት ትቀሰቅሳላችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

በቅርቡ አንድ ኮፒ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ማሽኑን እንደከፈተች ቀኑን ማስተካከል ጀመረች። ኮምፒውተሩ ጠዋት ጠዋት የሚነሳው በፈረንጆቹ 2009 ላይ ነው። "ምን ሆኖ ነው?" ስላት "አመሉ ነው" አለችኝ። አመል አይደለም። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው የውስጥ ሰሌዳ ላይ ያለችው፣ ማሽኑ ሲጠፋም ሰዓቱን የምታስኬደው፣ ሳንቲም የምታህለው ባትሪ አልቃ ነው። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ባለ 3 ቮልት ናት፤ ዋጋዋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ቀኑ ሲዛባ ድረ ገጾች አንከፍትም ይላሉ፣ ደረሰኙም በተሳሳተ ቀን ይታተማል። ልጅቷ ስንት ወር ታግላለች መሰላችሁ። አለቃዋ አንድ ቀን እንኳ "ምን እያደረግሽ ነው?" አላላትም።

ሲንቀራፈፍ ደግሞ ፎርማት ታስደርጋላችሁ። በወሩ ያው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎትተው የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ፣ በኤስኤስዲ ቀይሩት፣ ራሙን፣ ማለትም ማሽኑ እየሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማኅደር፣ 8 ጊጋ አድርሱት፣ አቧራውን በብሎወር አስነፉለት። ለደብዳቤና ለሒሳብ ገና ብዙ ያገለግላል። አዲስ ግዙ አላልኩም፤ በዛሬ ምንዛሬ ማን ደፍሮ ይላል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ መስጠቱን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። የእናንተ 4ኛ ወይም 6ኛ ትውልድ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም አስጭኑበት፣ ካልሆነም ከኢንተርኔት አውጡት። ደግሞ እባካችሁ፣ የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካበት ማሽንና የሒሳብ መዝገባችሁ ያለበት ማሽን አንድ አይሁን።

እኔ የሦስት ዓመት የዱቤ መዝገብ አጥቻለሁ። ዲስኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል እየሰማሁ "ነገ እገለብጠዋለሁ" እል ነበር። መብራት ሄዶ ሲመለስ አልነሳ አለ። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ነበረኝ፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቶ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ነበር እንጂ። ከዚያ ባለ ዕዳዎቼ ዘንድ እየዞርኩ "ስንት ነበር ያለብህ?" ስል ዋልኩ። የአንዳንዱ ፈገግታ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። አሁን ዓርብ ዓርብ መዝገቡን በሁለት ዲስክ እገለብጣለሁ፤ አንዱ ሱቅ ያድራል፣ አንዱን ቤት ይዤው እሄዳለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን አሮጌውን ማሽን እንዳለ ለቆራሌው መስጠታችሁ ነው። ውስጡ ምን አለ? ስካን ያደረጋችሁት የሰው መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ማስረጃ። ሰው አምኖ የሰጣችሁ ወረቀት ነው። "ፎርማት አድርጌዋለሁ" አትበሉኝ። በተለመደው ፈጣን ፎርማት ፋይሉ ከዝርዝር ይጠፋል እንጂ ከዲስኩ አይጠፋም፤ መልሶ የሚያወጣው ፕሮግራም ሞልቷል። ሣጥኑን ሽጡት፣ ሃርድ ዲስኩን ግን አስቀሩ። አስፈትታችሁ ውስጡ ያለውን የሚያብረቀርቅ ሳህን በመዶሻ በሉት።