ጀርባ የተሰጠው ፏፏቴ

ሮም ያለው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን በድንጋይ ከተሠራው ከትሬቪ ፏፏቴ ፎቶ ላከልኝ። ጀርባው ለፏፏቴው፣ ጥርሱ ለእኔ። ከጆሮው አጠገብ የአንድ የእብነ በረድ ፈረስ አፍንጫ ይታያል። የቀረውን በጭንቅላቱ ጋርዶታል። "እንዴት ነው?" ይላል ከሥሩ። "ፀጉርህ አድጓል" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ልማዱ ነው አሉ። ሳንቲም በቀኝ እጅ ይዘህ፣ በግራ ትከሻህ ላይ ወደ ኋላ ትወረውራለህ። የወረወረ ሮም ይመለሳል። ወንድሜ፣ አንተ እኮ እዚያው ነው የምትኖረው! ከየት ልትመለስ ነው?

ሳንቲሙስ ይሁን። ተለቅሞ ካሪታስ ለሚባለው የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል፣ ድሃ ይበላበታል፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ ያልፋል። የሚያሳዝነኝ የፏፏቴው ንድፍ አውጪ ኒኮላ ሳልቪ ነው። በ1732 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው) ጀምሮት፣ ሳያልቅለት በ1751 ሞተ። በ1762 ሌላ ሰው ጨረሰለት። ቁመቱ 26፣ ስፋቱ 49 ሜትር ነው። ከታች ያለውን ድንጋይ ያልተጠረበ ገደል አስመስሎ፣ በየስንጥቁ የድንጋይ ቅጠል ሳይቀር አስቀርጿል። ይሄን ሁሉ ለማጅራት!

ሳልቪ ግን እሱም የሰው እይታ ጋርዷል። ሮማውያን እንደሚያወሩት፣ አደባባዩ ዳር አንድ ፀጉር ቆራጭ ነበረ። ሥራውን በየቀኑ እያየ አቃቂር ያወጣል። ሳልቪ ሲመርረው ትልቅ የድንጋይ ጋን ከሱቁ ትይዩ ገተረበት። ጋኑ ዛሬም በቀኝ በኩል ቆሟል። እኔ የምወግነው ለፀጉር ቆራጩ ነው። ፀጉር ቆራጭ አስተያየት ካልሰጠ ማን ሊሰጥ? እኛ ሰፈር ፀጉር ቤት ስለ ሕዳሴ ግድብ ተርባይን ያልተሰጠ ሙያዊ ማብራሪያ የለም። ማንም ጋን አልተከለበትም።

ስለ ዓባይ ካነሳን አይቀር፣ ሮም ላይ የቆየ ቂም አለኝ። ፒያሳ ናቮና በሚባለው አደባባይ ላይ ቀራፂው በርኒኒ በ1651 ለጳጳሱ ለኢኖሰንት 10ኛ የሠራው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ አለ። ዳኑብ፣ ጋንጀስ፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታና ናይል፣ አራት ግዙፍ ወንዶች ሆነው ተቀምጠዋል። ናይል ራሱን በጨርቅ ተከናንቧል። ለምን? ምንጩ ስላልታወቀ።

ለማን ነው ያልታወቀው? የነጭ ዓባይ ምንጭ ይቅር እንበል። ሰከላ ያለ ገበሬ ግሽ ዓባይ ጠበል ሲጠጣ የኖረው ሳያውቅ ነው? እሺ፣ የእኛ ሰው ማወቁ ካልተቆጠረ፣ ስፔናዊው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ አይቶታል። ጽፎታልም። ፏፏቴው ከመመረቁ 33 ዓመት በፊት! የኢየሱሳውያኑ ዋና መቀመጫ ደግሞ እዚያው ሮም፣ ከናቮና በእግር የሚደረስ ነው። አንድ ሰው ብቅ ብሎ "ጌቶች፣ ጨርቁን አንሱለት" ቢል ምን ነበረበት?

በዚያ ላይ ከፏፏቴው መሀል ሐውልት ተተክሏል። ሮም ሐውልት አይጠላም። የእኛን የአክሱሙን በ1937 ወሰዱት። በ1947 "በ18 ወር ውስጥ እንመልሳለን" ብለው ፈረሙ። የተመለሰው በ2005 ነው። ሳንቲም የሚወረውርለት አጥቶ ይሆናል።

"የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። አሁን አሁን ግን ተረት ሳይሆን የሰፈራችን ፕሮግራም ሆኗል። ሮም ውስጥ ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ፣ ሮማውያን ከአፍንጫ ስም ያወጡላቸው የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ 2,500 ገደማ ናቸው። ቀን ከሌት ይፈሳሉ። አፉን በጣትህ ስትደፍነው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ውሃው ሽቅብ ይመጣል፤ ጎንበስ ብለህ ትጠጣለህ። በነፃ! የእኛ ግን በፈረቃ ነው። ፈረቃውም ሌሊት ነው። ሌሊቱም የሚታወቀው ጎረቤት ባልዲ ሲያንኳኳ ነው። የውሃው ሒሳብ ግን አንድም ቀን ፈረቃ ገብቶ አያውቅም።

ወደ ፎቶው ልመለስ ነበር። ሰውነትህን ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ልለው። ግን ቧንቧው ማፏጨት ጀምሯል፤ ጀሪካኑን ልደቅን።