ማስተካከያ፦ አንድ ፓወር ሰፕላይ ስንት ቻርጀር ይችላል?
ጣና ላይ የሪሞት ጀልባ በሚነዱ የባሕር ዳር ልጆች ዘንድ የሚዘዋወረው መልእክት «12 ቮልት 30 አምፔር ሰፕላይ ባለ10 አምፔር ሦስት ቻርጀር ይችላል» ይላል። ሰፕላይ የሚባለው የመብራቱን ኃይል ወደ 12 ቮልት ቀይሮ ለቻርጀሮቹ የሚሰጠው ዕቃ ነው። የመልእክቱ ስሌት ትክክል አይደለም። 10 አምፔሩ ወደ ባትሪው የሚገባው እንጂ ከሰፕላዩ የሚሳበው አይደለም። መደመር ያለበት ዋት (ቮልት ሲባዛ በአምፔር) ነው፤ በቻርጀሩ ማኑዋልም ተጽፏል።

ባለ6 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) በ10 አምፔር ሲሞላ 25.2 ቮልት ይደርሳል፣ 252 ዋት ማለት ነው። ቻርጀሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት ከ12 ቮልቱ 25 አምፔር ገደማ ይስባል። ስለዚህ አንድ ብቻ! ሁለተኛው ሲጨመር ቮልቴጁ ይወርድና ቻርጀሩ ያቋርጣል፣ ወይም ሰፕላዩ ራሱን ያጠፋል። ባለ3 ሴል በ5 አምፔር ከሆነ ግን እያንዳንዱ 6 አምፔር ያህል ስለሚስብ ሦስቱም ያለ ችግር ይሠራሉ።

ለየቻርጀሩ ከሰፕላዩ ተርሚናል የራሱ ሽቦና ፊውዝ ይውጣለት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው አይቀጠል።

መልእክቱ የዘለለው ከዚህ የባሰ ነገር አለ። ጀልባው ውስጥ በሲሪየስ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር) የተያያዙ ሁለት ባትሪዎችን ሳይነቅሉ በሁለት ቻርጀር መሙላት አደገኛ ነው፤ የብዙ ቻርጀሮች ኔጋቲቭ ከሰፕላዩ ስለማይነጠል ባትሪው በዚያ በኩል ሾርት ያደርጋል። መጀመሪያ ይነጣጠሉ።