ጋቢ ይዞ የሚጠብቅ ሰው

ሰሜን ሎንዶን ውስጥ ሀምፕስቴድ ሂዝ የሚባል ሰፊ መስክ አለ። እዚያ፣ በዛፍ የተከበበ የሴቶች ኩሬ አለ። ኬንውድ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ሴቶች ይዋኙበታል፤ በብርዱ ወራትም አይዘጋም። ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጠባቂዎቹ የውሃውን ሙቀት በጠመኔ ይጽፉበታል።

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ጠዋት ስደርስ የተጻፈው 6 ዲግሪ ነበር። ከፊቴ የነበሩት ሴትዮ ሰባን ያለፉ ናቸው። ልብሳቸውን አወለቁ። የሱፍ ኮፍያቸውን ግን አላወለቁም። መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ። ውሃው ደረታቸው ጋ ሲደርስ ቆሙና በረጅሙ ተነፈሱ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ መሰላሉን ለቀቁና ሄዱ። ውሃው ላይ የሚታየኝ ቀይ ኮፍያቸው ብቻ ነበር።

እኔ ወሎ ውስጥ ያለችው የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቤታችን በር ሲከፈት ውሃው ይታያል። ዋና የቻልኩት ግን በ43 ዓመቴ፣ ሎንዶን ገብቼ ነው። ይህን ስናገር ዛሬም ይቆጨኛል።

በእኔ ልጅነት ለሴት ልጅ ሐይቁ ውሃ መቅጃና ልብስ ማጠቢያ ነበር። ከጉልበት በላይ መግባት ነውር ነው። ተረቱም ያስፈራናል። አንዲት ልዕልት እርጉዝ ሴት በድላ ነበር አሉ። እግዚአብሔር ተቆጣና ምድሩን ውሃ አደረገው፤ ልዕልቷንም ከነጓደኞቿ ዋጣት። እርጉዟ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደረቅ ቀረ። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ላይ ነው ይባላል። አያቴ ይህን ስትነግረን ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። ሐይቁ 88 ሜትር እንደሚጠልቅ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ ለእኛ መጨረሻ የለውም።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከክፍላችን አንድ ልጅ ሰመጠ። ዳሩ ላይ የተገኘው ሸራ ጫማው ነው። ካልሲውን አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከትቶት ነበር። ብቻውን ነው የሄደው። የጠፋው ከምሳ በኋላ ነው፤ ሰው መፈለግ የጀመረው ሊመሽ ሲል። ያ ካልሲ እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም። ወጥቶ ሊያደርገው አስቦ ነበር ያጠፈው።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ እናቶች ተነጋገሩ። ሐይቅ ዳር የታየ ልጅ ይገረፋል። ወንዶቹ ግን አልተዉም፤ መደበቅ ጀመሩ እንጂ። ፀጉራቸውን ፀሐይ ላይ አድርቀው ይመጣሉ። እናቶች ደግሞ ክንዳቸውን በጥፍር ጫር ያደርጉታል። ነጭ መስመር ከወጣ ዋኝቷል ማለት ነው። ስለዚህ ልጆቹ ቅባት ይዘው መሄድ ጀመሩ። ሰው ከማያያቸው ሩቅ ቦታ ሄደው መዋኘት ጀመሩ። እናቶቻችን ከፍቅር ያወጡት ሕግ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ልጁን ከውሃው አላራቀውም። ከሰው ዓይን ነው ያራቀው።

እዚህ ያሉ ወዳጆቼ ብርድ ላይ እዋኛለሁ ስላቸው «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ምን አለን?» ይሉኛል። አለን እንጂ። ብርድ አናውቅም የሚል ወሎን አያውቅም። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የጉጉፍቱንና የደላንታን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ገብሱን ያቃጥላል። በዚያ ብርድ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለሱብሂ ተነስተው በቀዝቃዛ ውሃ ውዱእ ያደርጋሉ። ክርስቲያኑ ጠበል ይገባል። ጥር 11 ለጥምቀት በጠዋት ውሃ የሚረጨው ያ ሁሉ ሕዝብ እኮ ብርድ አልጠፋበትም።

ልዩነቱ ሌላ ነው። የእኛ ብርድ የሚመጣው በበጋ ነው። ሌሊቱን ያንዘፈዝፍሃል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ መጥታ ታወጣሃለች። የሎንዶን ብርድ እንዲህ አይምርም። ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲል ይጨልማል። ቀን የምትታየውም ፀሐይ አታሞቅም። ከውሃ የወጣ ሰው የሚያሞቀው ልብሱ፣ ትኩስ ሻዩና አጠገቡ ያለው ሰው ነው።

አያቴን ወገቧን ያማት ነበር። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሰባት ቀን ጠበል ትገባለች፤ አጃቢዋ እኔ ነኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሳለን። እህል አይቀመስም። ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ስንረግጠው ኮሽ ኮሽ ይላል። ከኛ በፊት የደረሱ አሥር አሥራ አምስት ሰዎች ተራ ይዘው ይቆማሉ፤ ማንም አይጋፋም። ተራዋ ሲደርስ ነጠላዋን ትሰጠኛለች። ውሃው ትከሻዋ ላይ ሲወርድ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። ካህኑ «ቀስ በይ እማማ፣ ተንፍሺ፣ ተንፍሺ» ይሏታል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ «ይማርሽ፣ ይማርሽ» ይላል።

የእኔ ሥራ ጋቢውን መያዝ ነው። እንዳይቀዘቅዝ ጉያዬ ውስጥ ከትቼ አሞቀዋለሁ። ስትወጣ ዘርግቼ እጠብቃታለሁ፤ ገብታበት ትጠቀለላለች። ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ተባረኪ ሆዴ» ትለኛለች። ከዚያ ፀሐይ እስክትወጣ ድንጋይ ላይ እንቀመጥና በሶ እንበላለን። ስንመለስ ጎረቤታችን፣ ሙስሊም ናቸው፣ ከሰል አቀጣጥለው ቡና ጀምረው ይጠብቁናል።

ያን ጠዋት ከኩሬው ስወጣ እጄ ቆፍኖ መሰላሉን መያዝ አቅቶኝ ነበር። ቀይ ኮፍያ ያደረጉት ሴትዮ ቀድመውኝ ወጥተዋል። ፎጣዬን ዘርግተው ቆመው ጠበቁኝ። አያውቁኝም። «መጀመሪያ ላይኛውን ልበሺ፣ ኮፍያሽን አድርጊ፣ ወሬው ይቆየን» አሉኝ። እንባዬ መጣ። አያቴን ነው ያየሁት።

ከዚያ በኋላ ነው እነዚህ ሰዎች የሚያደርጉትን በደንብ ማየት የጀመርኩት። ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ድፍረት አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ጠባቂ በሌለበት ቦታ ብቻውን የሚገባ ሰው ጓደኞቹ ይቆጡታል። ክፍት ሐይቅ ላይ የሚዋኝ ሰው ወገቡ ላይ በገመድ የታሰረ ብርቱካንማ ተንሳፋፊ ይጎትታል፤ ከሩቅ እንዲታይ፣ ሲደክመው እንዲይዘው። ደቂቃ ይቆጠራል። «ዛሬ እንዴት ነሽ? ተኝተሻል? ቁርስ በልተሻል?» ይባባላሉ። ሃይድ ፓርክ ውስጥ ያለው የሰርፐንታይን የዋናተኞች ክበብ እ.ኤ.አ. በ1864 የተመሠረተ ነው። በገና ጠዋት እዚያ ሐይቅ ውስጥ ይወዳደራሉ። ይህን ያህል ዘመን የቆየው ብርዱን ስለሚችሉት ብቻ አይመስለኝም።

ብርድ ውሃ ምን እንደሚያደርግም ተማርኩ። ቆዳ ድንገት ሲቀዘቅዝ ሰውነት ሳይፈልግ አየር ይስባል። አያቴን ትንፋሿን ቁርጥ ያደረጋት ያ ነው። በዚያች ቅጽበት አፍህ ከውሃ በታች ከሆነ የምትስበው ውሃ ነው። ዘለህ አትግባ የሚባለው ለዚህ ነው። ጎርደን ጊስብሬክት የሚባሉ የካናዳ ፕሮፌሰር ለበረዶ ውሃ «አንድ፣ አሥር፣ አንድ» የሚል ሕግ አላቸው። ትንፋሽህን ለማረጋጋት አንድ ደቂቃ አለህ። እጅና እግርህ የሚታዘዙህ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ብርዱ ራስህን እስኪያስትህ ግን አንድ ሰዓት ገደማ አለ። አብዛኛው ሰው በብርድ ነው የሚሞተው ብለን እናስባለን። እዚያ ሳይደርስ ነው፤ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ደንግጦ፣ ወይም ክንዱ አልታዘዝ ብሎት።

ሌላም አለ። ከወጣህ በኋላም ሰውነትህ መቀዝቀዙን አያቆምም። ደህና ነኝ ያለ ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይንቀጠቀጣል። ቶሎ ደርቆ መልበስ፣ መቀመጥ፣ ትኩስ ነገር መጠጣት ነው። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይሞክረው። ይህን ለጠበልተኛም እላለሁ። እምነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ለደካማ ሰው ውሃውን ከእግር ጀምሮ ቀስ እያሉ ማስለመድ ነውር የለበትም። እነዚያ ካህን «ቀስ በይ» ሲሉ ያውቁት ነበር።

እንግሊዞቹን ብቻ ላመስግን አልመጣሁም። ባለ ቀይ ኮፍያዋ ሴትዮ በኋላ ወዳጄ ሆኑ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ሩቅ ነው ያለው። ከኩሬው ሲመለሱ በር የሚከፍትላቸው የለም። ከሰው ጋር የሚያወሩት እዚያ ውሃ ዳር ብቻ የሆነበት ሳምንት እንዳለ ነግረውኛል። ወሎ ቢሆኑ ኖሮ ቡና ጠሪው ያስቸግራቸው ነበር። ለእሁድ ዶሮ ወጥ ሠርቼ ጠራኋቸው። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ይመጣሉ።

እኛ ጋ ደግሞ ቤት ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ውሃ ዳር የሚሄደው ልጅ ግን ብቻውን ነው። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ጠበል ስንገባ አጃቢ አለን፣ ተራ አለን፣ «ተንፍሺ» የሚል አለን፣ ጋቢ ይዞ የሚጠብቅ አለን። ያንኑ ሐይቅ ዳር ይዘን ለመሄድ ምን ከለከለን? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰው በመስጠም ሞቷል። ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። መፍትሔ ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ ልጆችን ዋና ማስተማርና የሰጠመ ሰው እንዴት እንደሚወጣ ሰፈርተኛውን ማሠልጠን ይገኙበታል። ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም።

ዘንድሮ ለጥምቀት አገር ቤት ገባሁ። የወንድሜ ልጅ 11 ዓመቷ ነው። በማግስቱ ሐይቅ ዳር ሄድን። አራት ወንዶች ልጆች ዳሩ ላይ ይንቦጫረቃሉ። አንዱ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ክዳኑን አጥብቆ ደረቱ ሥር አድርጎ ይቀዝፋል። ቆሜ አየሁት። የሎንዶኖቹን ብርቱካንማ ተንሳፋፊ በስንት ፓውንድ ነው የገዛሁት! እዚህ ማንም ሳያስተምረው ይሄ ልጅ ያንኑ አግኝቶታል። የጎደለው ገመዷ ብቻ ናት። ጀሪካኑ ካመለጠው አለቀ።

«አክስትዬ፣ አንቺ ዋና ትችያለሽ እንዴ?» አለችኝ ልጅቷ።

«እችላለሁ።»

«አስተምሪኛ!»

ወንድሜ ሰማን። «እታለም፣ ተይ ይቺን ልጅ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለኝ። ያንን ካልሲ እሱም ያስታውሰዋል። አልተከራከርኩትም። «አንተ እዚሁ ቁም፤ ዓይንህን ከእሷ ላይ አታንሳ» አልኩት ብቻ።

አንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ሲያዳምጡን ቆይተው «አብሽሪ፣ እኔ ጀልባዬን ይዤ አጠገባችሁ እቆማለሁ» አሉኝ። ቄጤማ ከበዛበት ዳር ራቅ ብለን፣ ውሃው ጥርት ወዳለበት ወሰዱን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚወደው ሣር ያለበትን ጥልቀት የሌለው ዳር ነው። የሚዋኝ ልጅ ያለው ወላጅ ጤና ጣቢያ ወስዶ ያስመርምር፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። እኛም ቀጠሮ ይዘናል።

ጀሪካኑን ከልጁ ተዋስኩ። ገመድ ከጀልባው ተገኘ። አንዱን ጫፍ እጀታው ላይ፣ ሌላውን የልጅቷ ወገብ ላይ አሰርኩ። የሐይቅ ውሃ የሎንዶንን ያህል አይቀዘቅዝም፤ በጥር ጠዋት ግን ያስደነግጣል። እግሯን፣ ጉልበቷን፣ ወገቧን ቀስ በቀስ አስገባኋት። ደረቷ ጋ ሲደርስ ትንፋሿ ቁርጥ አለ።

«ተንፍሺ» አልኳት። «ተንፍሺ፣ ቀስ በይ።»

ተነፈሰች። ጭንቅላቷን እጄ ላይ አስተኛሁት። ጆሮዎቿ ውሃ ውስጥ ገቡ፤ ዓይኗ ሰማይ ላይ ፈጠጠ። ከዚያ ሆዷ ከፍ አለ። እጄን በትንሹ ወደ ታች ሳብኩት። ተንሳፈፈች። ወንዶቹ ልጆች መንቦጫረቃቸውን ትተው አጠገባችን መጥተው ያያሉ። የጀሪካኑ ባለቤት «እኔም ላይ ገመድ እሰሪልኝ» አለኝ።

«ስንት ደቂቃ ሆነኝ?» ብላ ጮኸች ልጅቷ። መስማት ስለማትችል ጣቴን አሳየኋት። አራት።

ዘወር ብዬ ዳሩን አየሁ። ወንድሜ ጫማውን አውልቆ ውሃው ጫፍ ላይ ቆሟል። ጋቢውን ጉያው ውስጥ ከትቶታል።