የሶፍት ካርታ ሊቃውንት

ሰሞኑን ደግሞ «ጊቤ ከየት እስከ የት ነው?» የሚለው ክርክር ጅማ ላይ አገርሽቷል። እሰይ! ወንዝ ሳይሻገሩ፣ ሽማግሌ ሳይጠይቁ፣ ረከቦት ሥር ቁጭ ብለው ወሰን የሚያሰምሩ ሊቃውንት ባይኖሩን ምን ይውጠን ነበር?

ሥራው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ሶፍት ይዘረጋል። ጀበናዋ የጅማ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችውን ጅሬን ትሆናለች፤ ለአምስቱ የድሮ የጊቤ መንግሥታት አምስት ስኒ ይደረደራል፦ ጅማ፣ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ። ጣት አተላ ውስጥ ይነከርና ምሥራቁ በጊቤ ወንዝ ይዘጋል። «የትኛው ጊቤ?» የሚል ነገረኛ አይጠፋም። ግልገል ጊቤ ከሆነ በምሥራቅ ያለችው ሰኮሩ ውጭ ማደሯ ነው። ሊቁ ምን ተዳቸው! የስኳሩን ዕቃ ወደ ቀኝ ገፋ ያደርጉና ሰኮሩን ያስገቧታል። ምዕራቡን በዴዴሳ ወንዝ ሊዘጉ ሲሉ ጉማ ከማዶ ሆና ተገኘች። ከአምስቱ አንዷ፣ ከገዛ ካርታዋ ውጭ! መላው አንድ ነው፦ ስኒዋን አንስተው ፉት አሏት። ቶና ላይ አራት መንግሥታት ቀሩን።

በረካ ሲቀዳ የጎጀብ ወንዝ በአንድ ጣት ጠረጋ ደረቀ፤ የከፋዋ ቦንጋ ገባች። ምነው ቢባሉ፣ «ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ አልነበረች እንዴ?» ቡና የተገኘው የጎማው ጮጬ ነው የከፋው ማንኪራ የሚለው ጭቅጭቅም በዚያው ተፈታ። ሁለቱም እዚሁ ሶፍት ላይ ናቸዋ!

የድሮዎቹ ምስኪኖች ይህ ጥበብ አልገባቸውም። በመንግሥትና በመንግሥት መካከል ሰው የማይሰፍርበት ሞጋ ይተዋሉ፣ ቦይ ይቆፍራሉ፣ ኬላ ላይ ዘብ ያቆማሉ። ያም ሆኖ ሲራራ ነጋዴው ኬላውን አልፎ ጅማ ሂርማታ ገበያ ይገባ ነበር።

የሶፍቱ ወሰን ግን ኬላ የለውም፤ አፍ ብቻ ነው። ቀልዱን እንተወውና፣ ያ ጭረት ገበያ ሲወርድ ዕድሜዋን እዚሁ ጎመን ስትሸጥ የኖረችን እናት «አንቺ የዚህ አይደለሽም» ያሰኛል። ነውር ነው! ከጎጀብ ማዶ የተለቀመ ቡና እንኳ «ጅማ» ተብሎ ሲሸጥ ኖሯል፤ አገርህ የት ነው ያለው የለም።

ለማንኛውም ቡና የምታፈላው ልጅ ጠረጴዛውን ስትወለውል ካርታውን አብራ ጠረገችው። ሊቁ ቅር አላላቸውም።

«የኔ ልጅ፣ ሶፍት ጨምሪልኝ እስቲ፤ ጌራን ገና አልነካኋትም።»