ኮሩ ሞልቷል፣ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ እንጂ

ጅማ ላይ ቢሮ ገብታችሁ "ሲስተም የለም" ያልተባላችሁ ካላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ምክንያቱ ሁሌ ያው ነው። መብራት፣ ኔትወርክ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ዝናብ። የምን ዝናብ ነው በናታችሁ! ሲስተሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ እኮ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ነው ያለው።

አልፎ አልፎ ጥገና የምሠራለት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ሲስተሙ ተንቀራፈፈ ብሎ 16 ኮር (ሥራውን የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) ያለው ሰርቨር ገዛ። ድፎ ዳቦ ሁሉ ተቆርሶለታል። ቀርፋፋነቱ ግን ያው። እያንዳንዱ ኮር ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን ኤችቶፕ ከፍቼ ሳየው አንዷ ኮር 100 በመቶ ላይ ተሰቅላለች፣ የቀሩት 15ቱ 0፣ 1፣ 0 እያሉ ያንቀላፋሉ። ደሜ ፈላ! 16 ቡና ለቃሚ ቀጥሮ ቅርጫት ለአንዱ ብቻ መስጠት ማለት እኮ ነው።

ሲስተሙ የተሠራው በኖድ ነው፣ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ሰርቨር ላይ የሚያስኬድ ማለት ነው። አንድ የኖድ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ጃቫስክሪፕቱን የሚያስኬደው በአንድ ትሬድ (የሥራ መስመር) ነው፣ አንድ ትሬድ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኮር በላይ አይዝም፣ ስለዚህ 16 ግዛ 64 ግዛ ለውጥ የለውም። ክላስተር የሚባለው ለዚህ ነው የመጣው። በኮሩ ልክ ፕሮሰስ ታስነሳለህ፣ ዋናው የመጣውን ጥያቄ በየተራ ያድላቸዋል። ፊት ቆሞ ከሰው የሚመጣውን ጥያቄ የሚቀበለው ኢንጂንኤክስም ስንት ወርከር (ሠራተኛ ፕሮሰስ) እንደሚያስነሳ ካልጻፍክለት በ1 ነው የሚነሳው፤ "አውቶ" ካልከው ኮሮቹን ራሱ ይቆጥራል። አንድ ቃል! በፓይተን ቋንቋ ሠርታችሁ ጉኒኮርን በሚባለው ሰርቨር የምታስኬዱም አትሳቁ፣ የናንተም ወርከር ካልነካችሁት 1 ነው።

ይህን ስነግራቸው "ሞክረነው ነበር፣ የገባውን ሰው ከሲስተሙ እያስወጣ ሲያስቸግረን መለስነው፣ ብዙ ኮር አይስማማውም" አይሉኝ መሰላችሁ? ያስወጣላ! የገባውን ሰው ሴሽን (ማን እንደገባ የሚያስታውሰውን መረጃ) የሚያስቀምጡት በየፕሮሰሱ ሜሞሪ ውስጥ ነው። መጀመሪያ 3ኛው ፕሮሰስ ጋ ገባህ፣ ቀጥሎ የነካኸው 7ኛው ጋ ሄደ፣ እሱ ደግሞ ከየት ያውቅሃል? "እባክዎ ይግቡ" ይልሃል። ሴሽኑን ሁሉም ፕሮሰስ የሚያየው ቦታ፣ ሬዲስ (ፈጣን የመረጃ ማስቀመጫ) ላይ ወይ ዳታቤዙ ላይ አውጥቶ ማስቀመጥ ነበር። ዳታቤዝ ካነሳን፣ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን ኮኔክሽን ስለሚከፍት እሱም ይታሰብበት። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ካልነካኸው የሚፈቅደው 100 ኮኔክሽን ነው፣ 16ቱ አሥር አሥር ከከፈቱ አለቀ። ሁሉም ተደምሮ ቢበዛ የሁለት ቀን ሥራ ነው።

የተወሰነው ግን ምንድን ነው? 32 ኮር ይገዛ! እስከዚያ ከየወረዳው በጠዋት ተነስቶ የመጣው ገበሬ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥ። የጨረታውን ሰነድ አሳይተውኛል። ስለ ራም፣ ስለ ዲስክ፣ ስለ ዋስትና ገጽ ሙሉ ተጽፏል፤ ስንት ፕሮሰስ ይነሳበታል የሚል ግን አንድ መስመር የለውም።