ምሰሶው ላይ የለጠፍነው

የጅማ ሰው፣ ዛሬ የምቆጣው በሥራ ስም ልጃገረዶችን የሚመለምለውን ደላላ አይደለም። እሱ ሥራውን ያውቃል። የምቆጣው እናንተን ነው፤ ራሴም አልቀርም።

ባለፈው ሐሙስ ከሂርማታ ገበያ ስመለስ መናኸሪያው አጠገብ የመብራት ምሰሶ ላይ አንድ ወረቀት አየሁ። «አስተናጋጅ እንፈልጋለን። ሴት፣ መልከ መልካም፣ ዕድሜ ከ16 እስከ 22። ልምድ አያስፈልግም። ማደሪያና ምግብ በእኛ።» የቤቱ ስም የለም፣ ሰፈሩ የለም። ከታች ያው ስልክ ቁጥር ተደጋግሞ ተጽፎ በመቀስ ተተልትሏል፤ ሦስቱ ተገንጥለው ተወስደዋል። እስቲ ንገሩኝ፣ ሻይ ለማቅረብ መልክ ምን ያደርጋል? ማደሪያ የሚሰጥ ደግ ቀጣሪስ ስሙን ለምን ይደብቃል?

ያን ወረቀት ደላላው ብቻውን አልለጠፈውም። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ጻፈለት፣ አንዱ ኮፒ አደረገለት፣ አንዱ አጥሩን ፈቀደለት። የቴሌግራም ቻናል ያላችሁ ደግሞ ገንዘብ ተቀብላችሁ ትለቁታላችሁ። እኛም «ለሥራ ፈላጊ ሼር» እያልን ለጽድቅ እናዳርሰዋለን! ኮፒ ቤቱን ብጠይቀው «ጋሼ፣ እኔ ምን አገባኝ፣ የማትመው የመጣልኝን ነው» አለኝ።

ይህቺ መልስ አሜሪካ ውስጥም ብዙ ዓመት አገልግላለች። ባክፔጅ የሚባል የማስታወቂያ ድረ ገጽ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ለወሲብ ሲሸጡበት «ጽሑፉ የደንበኛ ነው» እያለ በፍርድ ቤት ያሸንፍ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2015 ተጎጂዎች የሚሸጡበትን ማስታወቂያ እያወቀ የሚያወጣን የሚቀጣ ሕግ ወጣ። በ2018 ገጹ ተዘጋ፤ ድረ ገጾችን የሚመለከት ሌላ ሕግም ተጨመረ። ሕጉ ሁሉን ፈታ አልልም። በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች «ወደ ጎዳና ገፋን» ብለው አማረዋል፤ የኮንግረሱ ኦዲተርም የ2018ቱን የወንጀል ድንጋጌ ዓቃቤ ሕግ እስከ 2021 መጀመሪያ የተጠቀመበት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ጽፏል። ቢሆንም «እኔ የለጠፍኩ ብቻ» የሚለው መሸሸጊያ ጠቧል።

የእኛው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም በሰው መነገድን ሲተረጉም ከመመልመል ይጀምራል። ልጅቷ 18 ካልሞላት «ወዳ ነው የሄደችው» ማለት አያዋጣም። ታዲያ ያ ወረቀት ምልመላ ካልሆነ ምንድን ነው? «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልን በአጠገቡ የምናልፈው እስከ መቼ ነው? ከማተማችሁ፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ደውሉ። የቤቱን ስም፣ ሰፈሩን፣ የንግድ ፈቃዱን ጠይቁ። ካልነገሯችሁ ወረቀቱን ለፖሊስ አድርሱ።

እኔ ደውዬ ነበር። የወንድ ድምፅ ሲሰማ ዘጋው። አመሻሽ ላይ የወንድሜ ልጅ ደወለች፤ እሷ ትልቅ ሰው ናት፣ 30 አልፏታል። ስሟንም፣ የት እንደሠራችም አልጠየቃት።

«መጀመሪያ ፎቶ ላኪ» አላት። «ሙሉ ቁመት።»